በባሏ የቀናች ሴት

ፎቶ ቤቱ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት፣ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ መሸጫው መካከል የተሸጎጠ ጠባብ ቤት ነው። ከፊት የመስታወት መስኮት አለው፤ በመስኮቱ ላይ ሙሽሮችና ተመራቂዎች ተደርድረዋል። ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ ነጭ ግድግዳና አንድ የሚሽከረከር በርጩማ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ የተቀመጠውም ሁሉ ያንኑ የሴት ድምፅ ሰምቷል።

«አገጭዎን ትንሽ ዝቅ። አንቺ ፀጉርሽን መለስ አድርጊው፣ ሁለቱም ጆሮ ይታይ። አይሳቁ እንጂ ጋሼ፤ ፓስፖርት ሳቅ አይወድም።»

እሷን ሰው «የፎቶ ቤቱ ሴትዮ» ይላታል። ባሏን ግን «መምህር» ነው የሚለው።

ሙያው የመጣው በሷ ወገን ነበር። አጎቷ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጅ ስላልነበራቸው ጥበቡን ለእህታቸው ልጅ አወረሷት። ፊልም አጠባውን፣ ብርሃን አያያዙን፣ ትዕግሥቱን ሁሉ ከሳቸው ተማረች። ባሏ ያኔ ክፈፍ ሠሪ ነበር። ለአጎቷ ክፈፍ ሲያመላልስ፣ ሲያመላልስ፣ አንድ ቀን ልቧንም ይዞ ሄደ። ካሜራ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየችው እሷ ናት፤ ክርኑን ከጎኑ እያስጠጋች፣ ትንፋሹን እያስያዘች። ከዚያ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ተወለደች፣ ሁለተኛዋ ተከተለች፤ ጡት እያጠባ ሠርግ የሚያነሳ የለምና እሱ ወጣ፣ እሷ ሱቅ ቀረች። ለጊዜው ነው ተባባሉ። ለጊዜው የተባለ ነገር ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው። ልጆቹ ከናታቸው ቁመት ሲስተካከሉም እሱ እንደወጣ፣ እሷም ጆሮ እያስገለጠች እንዳለች ነበረች።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ተጫዋች ነው፤ ሠርግ ቤት ሲገባ ቁጡ አማት ሳይቀር ይስቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ካሜራ ገዝተው አጠቃቀሙ ለጠፋባቸው ሰዎች ትምህርት መስጠት ሲጀምር ነው «መምህር» የሚለው ስም የወጣለት። ከተማሪዎቹ ሦስቱ ጸኑ። አንደኛው የጎረቤቱ መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ነገር አይጥመው ፋርማሲስት ነው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ እስካሁንም ሲናገሩ ብይን የሚሰጡ ይመስላሉ። ሦስተኛዋ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ቤቷ አላስቀምጥ ብሏት ካሜራ የገዛች፣ ስትስቅ ድምጿ ታክሲ ተራ የሚደርስ ሴት።

አንድ ቅዳሜ ዳኛው ካሜራቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና፣ «አበባውም ርግቡም በቃን» አሉ። «እኔ አንበሳ በገዛ እጄ ሳላነሳ አልሞትም።»

ፋርማሲስቱ ሳቀ፤ ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። «ታዲያ ለምን አንሄድም?» አለች። «መኪና ተከራይተን፣ መምህርን ይዘን። የሱን ወጪ እኛ እንችላለን፤ እሱ ያስተምረናል።»

ሴትዮዋ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ጉርድ ፎቶ እየቆረጠች ነበር። «መምህርን ይዘን» የሚለውን ስትሰማ መቀሷ ቆመ። ቆይታ ቀጠለች።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ፎቶ ቤቱ የጦር ሰፈር መሰለ። አንበሳው የሚገኝበት የሣር ሜዳ፣ የሳቫናው ካርታ፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ አራት ራሶች ተደፉበት። ፋርማሲስቱ በዝናቡ ወር እንሂድ፣ ሰማዩ ደመና ይኖረዋል፣ ማረፊያውም ይረክሳል አለ። ባሏ አይሆንም አለ፤ በዝናብ ሣሩ ሰው ያህል ያድጋል፣ አውሬውም ውኃ በየቦታው ስላለው ይበተናል፤ በደረቁ ወር ግን ሣሩ አጭር ነው፣ እንስሳው ሁሉ ወደቀረችው ኩሬ ይሰበሰባል። መኪናው ጣራው የሚከፈት ይሁን፣ ሰውም ከአራት አይብለጥ፣ ለያንዳንዱ አንድ መስኮት ይድረሰው ተባለ። ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ አይያዝ፣ ተናካሹ ዝንብ ይወደዋልና። ቀትር ላይ እንተኛለን፣ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንወጣለን።

«ለምን ቀትር ላይ አናነሳም?» ብለው ዳኛው ጠየቁ።

«ብርሃን ሥጋ የሚለብሰው ሲያዘቀዝቅ ነው» አለ ባሏ።

ሐኪሟ እጆቿን አጨበጨበች። «እንዴት ያለ አነጋገር ነው! ያንተ ነው?»

«እንዲያው…የልምድ ነው» አለ፤ አንገቱን በትሕትና ሰበር አድርጎ።

የአጎቷ ነበር። ቃል በቃል የአጎቷ፣ ከሷ አፍ የሰማው። ሴትዮዋ ከመጋረጃው ወዲያ ደሟ ፈላ። ወደ እጇ ስትመለከት የአንድ የማታውቀውን ሰውዬ ጆሮ ከነጉንጩ ቆርጣ ጥላዋለች። ሰውየው ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ «ማሽኑ ነው» ብላ ሌላ አተመችለት።

ይሄ ሳያንስ ደግሞ የከረጢቱ ነገር መጣ። መኪና ውስጥ የካሜራ ማቆሚያ ስለማይመች፣ ሩዝ ወይም ባቄላ የተሞላ ከረጢት መስኮቱ ላይ አድርጎ ሌንሱን በላዩ ማሳረፍ ነው ደንቡ። ማን ይስፋው ሲባል ባሏ ፈጠን ብሎ፣ «እሷ አለች አይደል! የሷ እጅ ወርቅ ነው» አለ። ሐኪሟም መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ለአራታችን ትሰፊልናለሽ? አበሳሽን አበዛንብሽ» አለቻት።

«ምን ገዶኝ» አለች ሴትዮዋ። ሰፋቻቸው። አንዱን ልል አድርጋ ሰፍታ ሩዙ በአንበሳው ፊት ዝርግፍ ሲል በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፤ እጇ ግን ክፉ ሥራ አያውቅምና ሁሉንም ድርብ አድርጋ ሰፋች። ስትሰፋ ጥርሷን ነክሳ ስለነበር መንጋጋዋን ሲያማት ዋለ።

በእጇ ያልቻለችውን በምላሷ ሞከረችው። እሑድ ቁርስ ላይ፣ «የወገብህ ነገር ነው የሚያሳስበኝ» ትላለች። «በዚያ ኮረኮንች መንገድ…»

«ወገቤ ደህና ነው።»

«ዝንቡም የእንቅልፍ በሽታ ያመጣል አሉ።»

«አልፎ አልፎ ነው ይላል ፋርማሲስቱ።»

«ጉማሬ ከአንበሳ ይልቅ ሰው ይገድላል፤ ታውቃለህ?»

«ኧረ አንቺ! ጉማሬ ምን በደለሽ?» ብሎ ይስቃል። እሱ ሲስቅ የሷ አንጀት እርር ይላል። ሱቁ ጭር ሲል ካርታውን አውጥታ ታየዋለች፤ መግቢያውን፣ የወንዙን መታጠፊያ፣ ዝሆኖች የሚሻገሩበትን መንገድ። የማትሄድበትን አገር መንገድ ባልተጠየቀችበት በቃሏ አጠናችው። ከሁሉ የባሰባት፣ ፎቶ ልታነሳ በርጩማው ላይ ያስቀመጠችውን ሰው ስታይ «አንተ ደግሞ ዝሆን አይደለህ!» እያለች በሆዷ መቆጣቷ ነበር። ሰውየው ምን አጠፋ?

ሆዷ የፈነዳው ትልቁ ሌንስ የመጣ ቀን ነው። ክንድ ያህል የረዘመ፣ ለጉዞው ብለው የተከራዩት። ዳኛው ያዙት፤ ፋርማሲስቱ ያዘው፤ ሐኪሟ ታክሲ ተራው ላይ አነጣጥራ «የሾፌሩ ጥርስ ጽዳት ይፈልጋል!» ብላ ሁሉንም አሳቀች። በመጨረሻ ሴትዮዋም እጇን ዘረጋች። ባሏ ሌንሱን ሰጣትና ሁለቱን እጆቹን ከሥር እንደደቀነ፣ «ተጠንቀቂ፣ ከባድ ነው። እንዳይወድቅብሽ» አላት።

እንዳይወድቅብሽ! ለሷ!

መለሰችለት። ፈገግም አለች። ከዚያ ወደ ጓዳው ገባች፤ ድሮ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል፣ ዛሬ የአሮጌ ክፈፍና የተሰበረ መብራት ማከማቻ ነው። በሩን ገርበብ አድርጋ እንባዋን ለቀቀችው።

አማቷ ከነሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ለጠረጴዛው ጨርቅ ፍለጋ ብለው ሲገቡ ምራታቸውን በእንባ ታጥባ አገኟት። ከውጪ የሐኪሟ ሳቅ ይሰማል። አሮጊቷ ወደ ሳቁ አዩ፤ ወደ እንባው አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የዚያች ሴት ነገር ነው፣ አይደል ልጄ?»

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ምን ትበላቸው? ሴት በሌላ ሴት ብትቀና ወግ ነው፤ ሰው ያዝንላታል። በገዛ ባሏ ሥራ፣ በገዛ ባሏ ዕድል ቀንታ፣ የልጆቿ አባት እንዳይሄድ የምትመኝን ምን ይሏታል? ዝም አለች። ዝምታዋም እንደ አዎ ተቆጠረ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይደርስ አማቷ ለልጃቸው ነገሩት፤ ለፀጉር ሠሪዋም ነገሯት፤ ለፀጉር ሠሪዋ የተነገረ ደግሞ ለአገር የተነገረ ነው። ቅዳሜ ሦስቱ ሲሰበሰቡ ባሏ ብድግ አለና፣ «እኔ ቀርቻለሁ» አላቸው። «ቤቴን ሰላም ነስቼ አንበሳ ፍለጋ አልሄድም።» ዳኛው ምክንያቱን ሲጠይቁ ካርታውን ማጠፍ ጀመረ። ሐኪሟ ግን ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወሬው ደርሷት ነበርና።

ሁሉም ሲሄዱ ባሏ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ፈገግታውን ሊደብቅ ይሞክራል፣ አልሆነለትም።

«ይኸው፣ ላንቺ ስል ትቼዋለሁ» አላት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ኧረ ለመሆኑ፣ ያን ያህል ትቀኚብኛለሽ እንዴ?»

ደስ ብሎታል! አንበሳውን ያጣው ሰው በመፈለጉ ደስ ብሎት፣ እንደ ሙሽራ ቀልቶ ቆሟል። እሷም ለአንድ አፍታ ደስ አላት፤ እሱም አልሄደም። ደስታው ግን ከጉሮሮዋ አልወረደም። አሁን ማንም አይሄድም፣ እሷም ቀናተኛ ሚስት ተብላ ቀረች፤ በዚያ ላይ ባሏ ያዝንላታል።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጣች። ሳትጋበዝ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ፎቶ አይደለም» አለች። «ዛሬ አንዲት በሽተኛዬ አፏን ከፍታ ከመተኛቷ በፊት ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ዶክተር፣ የሰው ባል ይዘሽ ልትጠፊ ነው የሚባለው እውነት ነው?› አለችኝ። መርፌ ይዤ!» ድምጿ ተሰበረ። «እኔ ባሌን የቀበርኩ ሴት ነኝ። ብቻዬን የምኖር ነኝ። ይሄ ስም አንዴ ከተለጠፈብኝ ማን ይልጥልኛል? እስቲ ፊቴን እያየሽ ንገሪኝ፤ ምን አየሽብኝ?»

ሴትዮዋ መቀሷን አስቀመጠች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ እንደሆነ ገባት፤ እከኩ የራሷ ነው፣ የላከከችው ግን በዚህች ምስኪን ላይ ነው።

«ባንቺ አይደለም የቀናሁት» አለች።

«ታዲያ በማን?»

«በሱ።»

ሐኪሟ አልገባትም። «በሱማ ስለምትቀኚበት…»

«አይደለም! በሱ። በራሱ። እሱ ሊሄድ ስለሆነ፣ እኔ ስለማልሄድ።» አንዴ ከወጣ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። «ያን ካሜራ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያ ያጨበጨብሽለት አነጋገር የአጎቴ ነው። እናንተ ካርታ ስትዘረጉ እኔ ከዚህ ወዲያ ጆሮ እቆርጣለሁ። አራት ከረጢት ሰፋሁላችሁ፤ አንዳችሁም ‹አንቺስ?› አላላችሁኝም። አንቺም ጭምር።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻትና፣ «ታውቂያለሽ፣ ፎቶ የምታነሺ አልመሰለኝም ነበር» አለች። «ማለቴ…ጉርድ ፎቶ ስታነሺ አያለሁ። ግን አልመሰለኝም።» አፍራ አንገቷን ደፋች፤ በርጩማው እንደልማዱ ትንሽ ዞረባት፤ ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆማ፣ «ለባልሽ ትነግሪዋለሽ፣ ለአማትሽም። ስሜን ከወሰድሽበት መልሺልኝ» አለቻት፤ ይህን ስትል አልሳቀችም።

በምሳ ሰዓት ነገረቻቸው። አማቷ ጉርሻቸው አፋቸው ላይ ቀረ። «በባሏ ሥራ የምትቀና ደግሞ አይቼ አላውቅ!» አሉ፤ ወዲያው ግን ነጠላቸውን አንስተው ወደ ፀጉር ሠሪዋ ሄዱ፤ ወሬ እንዳወጡት ሁሉ ማስገባትም እንደሚገባቸው ያውቃሉና። ባሏ ብቻውን ከሷ ጋር ቀረ። ያ የሙሽራ ቅላት ከፊቱ ጠፍቷል።

«እኔ ላንቺ ብዬ ነው የተውኩት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ግን እኔ እንድቀር ነበር የምትፈልጊው።»

«አዎ።»

«በኔ ነው የቀናሽው?» አለ፤ በሌላ ሴት ከመጠርጠሩ ይልቅ ይሄ ነው ያቆሰለው። «ሠርግ ለሠርግ ስንከራተት የኖርኩት ለደስታዬ መሰለሽ?»

«ስንከራተት አልክ? እኔ መንከራተቱን ነው የቀናሁበት።»

ለብዙ ቀናት ተኮራረፉ። ልጆቹ መልእክተኛ ሆኑ፤ «አባዬን ጨው አቀብል በይው» ዓይነት ኩርፊያ። በመጨረሻ ነገሩን የቆረጡት ዳኛው ናቸው። ሐኪሟ ሁሉንም ነግራቸው ኖሮ፣ አንድ ቅዳሜ መጥተው እንደ ችሎት ቆሙ። «መኪናው ተከራይቷል፣ መስኮቱ አራት ነው፣ አንዱ ባዶ ነው» አሉ። «መምህር፣ አንተ ቀርቻለሁ ብለሃል። ቃልህን ታጥፋለህ?»

ባሏ ቃሉን አጥፎ «እሄዳለሁ» ሊል እንደሆነ ሴትዮዋ ከከንፈሩ አየች። እሱም ልትጮህ እንደሆነ ከፊቷ አየ መሰለኝ፣ «እሷ ትሂድ» አለ። በአፉ ነው ያለው። ሆዱ እንዳልተከተለው ማንም አልሳተውም፤ እሷ ግን ሆዱን አልጠበቀችም። «እሺ» አለች ወዲያው።

ሄደች። በትንሽ አውሮፕላን፣ ከዚያም አቧራው ጥርስ ውስጥ በሚገባ መንገድ። ምድሩ እንዲህ ሰፊ ይሆናል ብላ አላሰበችም፤ ዓይን የሚያርፍበት ግድግዳ የለም። የሜዳ አህዮች አንገታቸውን እርስ በርስ ትከሻ ላይ አሳርፈው ይቆማሉ። ቀጭኔ ውኃ ለመጠጣት የፊት እግሮቹን ሲያንፈራጥጥ ሐኪሟ ሳቋን በሻርፕ አፈነችው።

ቅናት ግን ሻንጣ ሳይፈልግ አብሯት ሄዶ ነበር። አቦሸማኔዋ ከነግልገሎቿ ብቅ ያለችው በፋርማሲስቱ መስኮት በኩል ነው። እሱ፣ ያ በሁሉ የሚነጫነጭ ሰው፣ ካሜራውን እንደ ጠመንጃ እያንጣጣ ሲያነሳ፣ በሷ በኩል ሣር ብቻ ነበር። «ምነው የኔ ጎን በሆነ!» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። መሪው ሾፌር መኪናውን አዞረ፤ አቦሸማኔዋም አብራ ዞረች።

በሦስተኛው አመሻሽ ነው የሷ የመጣላት። ከኩሬው ዳር አንድ ያረጀ ጎሽ ብቻውን ቆሟል፤ ጭቃ የደረቀበት፣ አንድ ቀንዱ የተሸራረፈ። ሌሎቹ ዝሆን እየጠበቁ ወደ ማዶ ያያሉ። ጎሹ ቀስ ብሎ ወደሷ ዞረ፤ አገጩን ዝቅ አደረገ፤ ከሁለቱ ጆሮዎቹ አንዱን ወፍ ተቀምጦበት ሸፍኖታል። እሷ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ከበርጩማው ፊት የቆመችባቸው እነዚያ ዓመታት ሁሉ መጠበቅ አስተምረዋት ነበር። ወፉ ተነስቶ በረረ፣ ጆሮው ተገለጠ፣ ፀሐይዋ በግንባሩ ላይ ወረደች፤ ያኔ ቁልፉን ተጫነች። ጎሹ ከዚህ ዓለም ሊሰናበት ወረፋ የደረሰው ሽማግሌ ይመስል ነበር፤ አይስቅም፣ አይፈራም።

ስትመለስ ባሏ ታክሲ ተራው ድረስ ወጥቶ ሻንጣዋን ተቀበላት። ፎቶዎቹን በኮምፒዩተሩ አንድ በአንድ አሳየችው። «ጥሩ ነው»፣ «ይሄም ጥሩ ነው» ሲል ቆየ። ጎሹ ጋ ሲደርስ ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ እንደገና ሳበ። ጥርሱን ነክሶ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ታየዋለች። ያን መንጋጋ ታውቀዋለች። ልታጽናናው ቃል ፈለገች፤ አላገኘችም። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አልፈለገች።

በማግስቱ ግን ጎሹን በትልቁ አትሞ፣ በገዛ እጁ ክፈፍ ሠርቶለት፣ ከሙሽሮቹ መካከል በመስኮቱ ላይ ሰቀለው። ክፈፉ የሚያምር ነው፤ ያ ድሮ ልቧን ያስወሰዳት ዓይነት ሥራ። ግርጌው ላይ ግን በንጹሕ ፊደል የጻፈው የፎቶ ቤቱን ስም ብቻ ነበር።

እሷ ከውጪ ቆማ አነበበችው። ገባችና፣ «አውርደው» አለች።

«ምነው፣ አላማረም?»

«አምሯል። የኔን ስም ጻፍበት።»

«እንግዲህ ቤቱ የሁለታችን አይደል? ሠርጎቹስ ላይ መቼ ስሜን ጻፍኩ?»

«ለሠርጎቹ ሰው ሁሉ ያንተን ስም ያውቃል።»

«እኔ ብሄድ ኖሮ» አለ፣ ወደ ጎሹ እያየ፣ «ከዝሆኖቹ ጋር ወደ ማዶ ነበር የማየው። ይሄ አያመልጠኝም ነበር ብዬ ልምል አልችልም። ይህ ነው ያበሳጨኝ።» ከዚያ መሰላሉን አመጣ።

ከዚያ ወዲህ ሠርጉን ይፈራረቃሉ። እሷ በወጣችበት ቀን በርጩማው ፊት የሚቆመው እሱ ነው፤ ሰዎችን እያሳቀ ስንቱን ፓስፖርት አስመለሰ። ሐኪሟ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ፀጉር ሠሪዋ አሁንም አንዳንዴ በዓይኗ ትከተላታለች፤ ወጥቶ የነበረ ስም ፈጽሞ አይታጠብም። በሚቀጥለው ደረቅ ወር የመስኮቱ ተራ የባልየው ነው። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሴትዮዋ የወንዙን መታጠፊያ በጣቷ እያሳየችው፣ «እዚህ ጋ ወደ ግራ ተቀመጥ» ትለዋለች። ይህን ስትለው አሁንም ጥርሷን ነክሳ ነው።